በበጋ ሙቀት የቤት ውስጥ የእንጉዳይ ድንኳንን እንዴት እናቀዝቅዝ? ለጎጃም አምራቾች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሁዳዴ ሲገባ እንጉዳይ ፈላጊው ይበዛል። ሽሮና ምስር የተደጋገመበት ቤተሰብ በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ እንጉዳይ ያምረዋል። ምግብ ቤቶችም ይጠይቃሉ። ሁዳዴ ታዲያ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ፀሐዩ በሚያቃጥልበት ወቅት። ገበያው ሲደራ ድንኳኑ ይግላል፣ እምቡጡ ይጠወልጋል፣ አምራቹም ተስፋ ይቆርጣል። እንዲህ መሆን የለበትም። የጎጃም በጋ ሞቃት ብቻ ሳይሆን ደረቅም ነው። ሌሊቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ካወቅንባቸው ያለ ኤሲ፣ በትንሽ ወጪ ብዙ ዲግሪ ማውረድ እንችላለን።

ሙቀት ሲመጣ የተለመደው ድንኳኑን ዘግቶ ውስጡን ውሃ በውሃ ማድረግ ነው። ውሃ የሚያቀዝቅዘው ግን ሲተን ነው። የድንኳኑ እርጥበት 90 በመቶ ከደረሰ በኋላ የምትረጩት ውሃ የሚተንበት ቦታ የለውም። ዘር የተዘራበት ጭድ በታጨቀበት ከረጢት ላይና ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ውስጡም እንደ ሻወር ቤት ይታፈናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ድንኳኑን ሳይሆን ድንኳኑ የሚተነፍሰውን አየር አቀዝቅዙ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ነው።

የማወራው ቤት ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ስለሚቆም ትንሽ ድንኳን ነው፤ ከቀርከሃ ወይም ከብረት ቱቦ ተሠርቶ ላስቲክ የለበሰ፣ ሦስት አራት መደርደሪያ ያለው። የምታመርቱት ደግሞ እንደ አብዛኛው ሰው ኦይስተር እንጉዳይ ነው ብዬ ነው። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ያላችሁ የደጋ ሰዎች ናችሁና ከዚህ ውስጥ የሚበዛው አያስፈልጋችሁም፤ ስለ ከረጢቶቹ የጻፍኩትን ግን አንብቡት። ከደጀን በታች ወደ ዓባይ በረሃ የምትኖሩ ደግሞ አንዱንም እንዳትዘሉ።

ስንት ዲግሪ ነው የምንፈልገው?

እንጉዳይ ሁለት ዕድሜ አለው። መጀመሪያ ዘሩ በጭዱ ውስጥ ነጭ ክር እየሠራ ይሰራጫል። ይህ ነጭ ክር ማይሲሊየም ይባላል። በዚህ ጊዜ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይስማማዋል። ቀጥሎ ከረጢቱ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲከፈት እንጉዳዩ ማፍራት ይጀምራል። ያኔ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል። የተለመደው ግራጫ ኦይስተር ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ደስ ይለዋል። ሙቀት የሚችሉ ዝርያዎች እስከ 25 እና ትንሽ አለፍ ብሎም ያፈራሉ። ሮዝ ኦይስተር እስከ 30 ዲግሪ ይቋቋማል። ስለዚህ ለበጋ የሚሆን ዘር ስትገዙ ሻጩን «ይህ ስንት ዲግሪ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ከብዙ ድካም የሚያድን ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ። ማይሲሊየም ሲያድግ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። የክፍሉ አየር 28 ዲግሪ ሆኖ የከረጢቱ መሃል 33 እና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። 35 ሲደርስ ይጎዳል። 40 ካለፈ መሞት ይጀምራል፣ ቦታውንም አረንጓዴው ሻጋታ ይወርሰዋል።

መጀመሪያ ለኩ

በእጅ ዳስሶ «ይሞቃል» ማለት አይበቃም። ሙቀትና እርጥበት አብሮ የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ይኑራችሁ፤ ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል። አንዱን ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሌላውን ከድንኳኑ ውጭ ክፍሉ ውስጥ ስቀሉ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛውና የታችኛው መደርደሪያ ልዩነት ሊያስገርማችሁ ይችላል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ላይ መዝግቡ። የአንድ ሳምንት መዝገብ ካላችሁ ቤታችሁ መቼ እንደሚሞቅና መቼ እንደሚበርድ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ቀጥሎ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ተራ የመስታወት ቴርሞሜትር ፈልጉ። ጫፉን በእርጥብ ጥጥ ወይም ሻሽ ጠቅልሉት። ቬንትሌተር ፊት ለፊት ያዙትና ቁጥሩ መውረዱን እስኪያቆም ጠብቁ። የቆመበት ዲግሪ በእናንተ ቤት፣ በዚያ ሰዓት፣ በውሃ ትነት ሊደረስበት የሚችለው የመጨረሻው ቅዝቃዜ ነው። ለምሳሌ አየሩ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ደግሞ 30 በመቶ ከሆነ 18 ዲግሪ ግድም ላይ ይቆማል። የመጋቢት ከሰዓት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ደረቅ ነው። ሐምሌ ላይ ግን አየሩ ራሱ ውሃ የጠገበ ስለሆነ ቁጥሩ እምብዛም አይወርድም። ከታች የምነግራችሁ የከሰል መስኮት በጋ ላይ ተአምር የሚሠራውና ክረምት ላይ የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጣራው

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ቀን 6 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ግድግዳው ብዙ አይመታም። የሚመታው ጣራው ነው። የአብዛኞቻችን ጣራ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ድንኳኑ የቱንም ያህል ቢስተካከል በላዩ የጋለ ቆርቆሮ ካለ ትግሉ ከእሳት ጋር ነው።

ቢቻል ድንኳኑን ኮርኒስ ባለው ክፍል ውስጥ አቁሙ። የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ቤት ካላችሁ ከብሎኬት ቤት ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጭቃው ሙቀቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያስገባው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታውን የምዕራብ ግድግዳ ሽሹ። ድንኳኑን ውጭ ፀሐይ ላይ ማቆም ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ላስቲክ ፀሐይ ሲያገኝ ሙቀት አስገብቶ አያስወጣም።

ቆርቆሮውን ራሱን ማስታገስ ይቻላል። አንደኛው መንገድ ጥላ ነው። ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ፣ አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ትታችሁ ሼድ ኔት (የጥላ መረብ) ወይም የደንገል ምንጣፍ ወጥሩ። ክፍተቱ የግድ ነው፤ አየር በመሃል ካላለፈ ጥላው ሙቀቱን መልሶ ለቆርቆሮው ይሰጠዋል። ጣና ዳር ላላችሁ ደንገል ብርቅ አይደለም። ሣርም ይሆናል፤ ከማድ ቤት ጭስ ማውጫ ግን ይራቅ፣ እሳት አይታመንም። ሁለተኛው መንገድ ኖራ ነው። ኖራን በውሃ በጥብጣችሁ፣ እንዲይዝ ትንሽ ኮላ ጨምራችሁ ቆርቆሮውን በነጭ ቀቡት። ነጭ ቀለም ፀሐዩን ይመልሳል። ክረምቱ ሲያጥበው በጋ ላይ እንደገና ትቀቡታላችሁ። የጣራ ውሃ የምታጠራቅሙ ከሆነ ግን ኖራውን ተዉትና ጥላው ይብቃችሁ።

ሌሊቱን ተጠቀሙበት

ባሕር ዳር መጋቢት ላይ ከሰዓት 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርስና ንጋት ላይ ወደ 15 ይወርዳል። ይህን ያህል ልዩነት በነፃ የተሰጠ ቅዝቃዜ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ የውጭው አየር ከክፍሉ ሲቀዘቅዝ፣ የክፍሉን መስኮትና የድንኳኑን መተንፈሻ ክፈቱ። ቬንትሌተር ካለ ሌሊቱን ይሥራ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን መስኮቱን ዝጉ፣ መጋረጃውንም አውርዱ። ያቀዘቀዛችሁት ግድግዳና ወለል እስከ እኩለ ቀን ድረስ ይረዳችኋል።

የሌሊቱ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ደረቅ ነው። እምቡጥ ያወጡ ከረጢቶች ካሉ ነፋሱ ፊት ለፊት አይምታቸው። የድንኳኑን ወለል በውሃ አርጥቡት። መስኮቱ ላይ ዝንብ እንዳይገባ ሻሽ ወጥሩበት። የወባ አጎበር ግን ለዚህ አይሆንም። አንደኛ በመድኃኒት የተነከረ ነው፣ እንጉዳዩ ደግሞ የሚበላ ነገር ነው። ሁለተኛ አጎበሩ ለሰው መተኛ የተሰጠ ነው።

የከሰል መስኮት አሠራር

የዚህ ሁሉ ልብ ይኼ ነው። የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ። ውሃው በሸክላው ላብ እየወጣ ይተናል፣ ሲተንም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እኛም ይህንኑ ለአየር እናደርገዋለን። ከሰል በውስጡ ስፍር ቁጥር የሌለው ቀዳዳ ስላለው ውሃ ይይዛል፣ አየርም ያሳልፋል። ከፋግታ ለኮማና ከአካባቢው የሚመጣው የዲከረንስ ከሰል በጎጃም ገበያ ሞልቷል። የሚያስፈልገን ያልነደደ ከሰል ነው።

ከእንጨት ሁለት እኩል ፍሬሞች ሥሩ። ስፋታቸው የድንኳኑን የታችኛውን መተንፈሻ ቀዳዳ የሚሸፍን ይሁን፤ ለትንሽ ድንኳን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይበቃል። በሁለቱም ላይ የዶሮ ሽቦ ወጥሩ። በመሃላቸው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ትታችሁ ግጠሟቸው፣ ታችና ጎኑንም በጣውላ ዝጉት። ታችኛው ጣውላ ላይ ውሃው የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ብሱ።

ከሰሉን ከአውራ ጣት እስከ ዕንቁላል በሚያህል መጠን ስበሩት። ድቃቂውን በወንፊት አስወግዱ። ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማችሁ እጠቡት። ይህን ካላደረጋችሁ ጥቁር ዱቄቱ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ድንኳኑንም ያቆሽሻል። የታጠበውን ከሰል በሁለቱ ሽቦዎች መሃል ሙሉት። አትጠቅጥቁት፤ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ሽቦው ፊት እጃችሁን ዘርግታችሁ ከጀርባው እፍ ብትሉ ትንፋሹ እጃችሁ ላይ መሰማት አለበት።

ከላይ ቀጭን ጎማ አጋድሙ። ጎማውን በጋለ መርፌ በየሁለት ጣቱ ብሱት፣ ጫፉን ድፈኑት። ሌላኛው ጫፍ ከፍ ካለ ቦታ ከተቀመጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጋር ይገናኝ፣ መሃል ላይ ትንሽ ቧንቧ ይኑረው። ውሃው ጠብ ጠብ ይበል እንጂ አይፍሰስ። ከታች ባልዲ አስቀምጡ፣ የተጠራቀመውን መልሳችሁ ጀሪካኑ ውስጥ ጨምሩት። ባልዲውንና ጀሪካኑን ክደኑ። በጣና ዙሪያ ክፍት ውሃ ማለት የወባ ትንኝ ማሳደጊያ ማለት ነው።

የከሰሉን ሥራ የሚሠራው አየሩ ነው። ከከሰሉ ትይዩ ባለው የድንኳኑ ጎን፣ በላይኛው ጥግ በኩል አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ትንሽ ፋን ግጠሙ። የኮምፒውተር ፋን፣ 12 ቮልት የሚሠራው፣ ለትንሽ ድንኳን ግሩም ነው። የሚበላው ኃይል ጥቂት ዋት ስለሆነ ለሶላር ባትሪም ይመቻል። ትልቁን ቬንትሌተር ድንኳኑ ውስጥ አታስገቡ፤ ሞተሩ ራሱ ያሞቃል። መብራትም ከተጠቀማችሁ ኤልኢዲ ይሁን። ፋኑ የሚያወጣው አየር በመስኮት ወደ ደጅ ይሂድ እንጂ ወደ መኝታ ክፍል አይሂድ። ኦይስተር እንጉዳይ የሚረጨው ብናኝ ሳልና አለርጂ ያመጣል። ድንኳኑ ውስጥ ስትሠሩም ማስክ አድርጉ።

አሁን ፍተሻ። ከረጢቶቹን ከማስገባታችሁ በፊት ፋኑን ክፈቱና ዕጣን አጫጭሱ። የዕጣኑን ጭስ ከድንኳኑ ስፌት፣ ከዚፑና ከማዕዘኖቹ አጠገብ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ጭሱ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ውስጥ ከተሳበ እዚያ ጋ ክፍተት አለ ማለት ነው። በፕላስተር ዝጉት። ጭሱ የሚሳበው በከሰሉ በኩል ብቻ እስኪሆን ድረስ አትተዉት። በሌላ ቀዳዳ የሚገባ አየር ሞቃትና ደረቅ ሆኖ ነው የሚገባው።

ሁሉም ሲስተካከል በደረቅ ከሰዓት 30 ዲግሪ የነበረው አየር በከሰሉ አልፎ 22 ወይም 23 ሆኖ ቢገባ በጣም ጥሩ ነው። እርጥበትም ይዞ ስለሚመጣ የመርጨት ሥራው ይቀንሳል። ደግሞ አዲስ አየር ነው። እንጉዳይ እንደ እኛ ይተነፍሳል፤ ሲታፈን እግሩ ይረዝማል፣ ቆቡ ትንሽ ሆኖ ይቀራል።

እርጥብ ከሰል ግን ካልተጠበቀ የሻጋታ ቤት ይሆናል። በየሳምንቱ ጎማውን ነቅላችሁ ፍሬሙን ከነከሰሉ በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ እጠቡት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ሁለት ፍሬም ካላችሁ እየቀያየራችሁ ትጠቀማላችሁ። ከሰል ካላገኛችሁ የቃጫ ጆንያ በሁለት ሦስት እጥፍ ይሠራል፤ ቶሎ ስለሚሸት ግን በየሁለት ቀኑ ይታጠብ። ሶኬትና ማከፋፈያውን ከውሃው በላይ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። እርጥብ ወለል ላይ የተጋደመ ገመድ ነፍስ ያጠፋል።

ስለ በረዶና ስለ ጀሪካን

ብዙዎች የቀዘቀዘ ሃይላንድ ድንኳኑ ውስጥ ያስቀምጣሉ። አይከፋም። ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 7 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ከሚወስደው ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ በደረቅ ቀን ዋናው ሥራ የከሰሉ ነው። በረዶ ለጭንቅ ቀን ይቆይ። ፍሪጁ ደግሞ ድንኳኑ ባለበት ክፍል ውስጥ ከሆነ በጀርባው የሚያወጣው ሙቀት መልሶ እናንተኑ ያስቸግራል።

ከበረዶ ይልቅ እኔ ጀሪካን እመርጣለሁ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ፣ ከድናችሁ ሌሊት ደጅ አሳድሩት። ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ አስገቡት። ከ16 ወደ 24 ዲግሪ እስኪሞቅ ድረስ የሚውጠው ሙቀት 2 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ከሚውጠው እኩል ነው፤ ያለ ፍሪጅ፣ ያለ መብራት። ሦስት ጀሪካን ላይኛው መደርደሪያ አጠገብ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ክብደቱን የሚችል ጠንካራ መቆሚያ ግን ይኑረው።

ከረጢቶቹ ራሳቸው

በሙቀት ወቅት ትልልቅ ከረጢት አትሙሉ። መሃሉ የሚግለው ወፍራሙ ነው። ቀጠን ያለ ሁለት ሦስት ኪሎ የሚይዝ ከረጢት ሙቀቱን በቀላሉ ያስወጣል። ጭዱን ቀቅላችሁ ወዲያው ዘር አትዝሩበት፤ እጅን ወደማያሞቅበት ደረጃ ይውረድ። የምትዘሩትም ማለዳ ወይም ማታ ይሁን።

ዘሩ እየተሰራጨ ባለበት ጊዜ ከረጢቶቹን አትደራርቧቸው። በመሃላቸው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይኑር። ሁለት ከረጢት አጠጋግታችሁ ቴርሞሜትሩን በመሃላቸው ብታስገቡ የውስጡን ሙቀት ይጠቁማችኋል፤ ከረጢቱን መብሳት አያስፈልግም። 30 ካለፈ አራርቋቸው፣ ወደ ታችኛው መደርደሪያም አውርዷቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሙቀት የሚበዛባቸው ናቸውና ያኔ ዓይናችሁ አይራቅ። ደጋ ላይ ያላችሁ ሰዎች ይህን አንብቡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ሆኖም የተደራረበ ከረጢት ራሱን ያቃጥላል።

መብራት ከጠፋ ወይም ድንኳኑ 32 ካለፈ

ዚፑን ከላይም ከታችም ክፈቱት፣ ሞቃቱ አየር በራሱ ይውጣ። ቆብ ያወጡትን ከረጢቶች ወለሉ ላይ አውርዷቸው፤ ሲሚንቶ ወይም የጭቃ ወለል ከመደርደሪያ ይቀዘቅዛል። ክፍሉ ውስጥ በአየር መተላለፊያው ላይ እርጥብ ጆንያ ስቀሉ። ያስቀመጣችሁት በረዶ ካለ አሁን ነው ጊዜው፤ ከላይ አስቀምጡት፣ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳልና። እርጥበቱ ለጥቂት ሰዓት ቢወርድ እንጉዳዩ ይችለዋል። ሙቀቱን ግን አይችለውም።

ምን እንደተፈጠረ በመልኩ ማወቅ

እምቡጡ ትንሽ ሆኖ ቡናማ ቢሆንና ቢደርቅ ወይ ደረቅ ነፋስ መትቶታል ወይ ሙቀት በዝቶበታል፤ መዝገባችሁን ተመልከቱ። ቆቡ ስስና ነጣ ያለ ከሆነ ሙቀት ነው። እግሩ ረዝሞ ቆቡ ካነሰ ችግሩ ሙቀት ሳይሆን የአየር እጥረት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ከሙቀት ጋር ያምታታና የበለጠ ይዘጋዋል። ከረጢቱ ውስጥ ቢጫ ውሃ ከተጠራቀመና ኮምጣጣ ሽታ ካለው ማይሲሊየሙ ተጨንቋል። አረንጓዴ ነጥብ ያያችሁበትን ከረጢት ሳትከፍቱ ከቤት አርቃችሁ ቅበሩት።

አሰባሰቡም ይለወጣል። በሙቀት እንጉዳይ ቶሎ ይደርሳል። የቆቡ ጠርዝ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ፣ ሳይዘረጋ ማለዳ ቁረጡት። ማለዳ የተቆረጠ ገበያ እስኪደርስ ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። በፌስታል አትቋጥሩት፤ ያልበዋል። አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም ወረቀት ይሂድ።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲይዝ የከሰሉን መስኮት ነቅላችሁ አድርቃችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ውሃው የሚጨምረው እርጥበት ብቻ ነው። ቦታው ላይ ሻሽ ወጥሩና ፋኑ ንጹሕ አየር ይሳብ። የክረምቱ አየር በራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግራጫውን ኦይስተር መልሳችሁ መዝራት ትችላላችሁ።